ከቧንቧው አጠገብ የተዘገነ አፈር

ውድ የተከበሩ ፕሮፌሰር፤

ይህንን ደብዳቤ የምጽፍልዎት በተሰበረ ልብና በሚንቀጠቀጥ እጅ ሲሆን፣ ከዚህ በታች የሚገለጸው ዜና እጅግ ከባድ በመሆኑ እባክዎን ተረጋግተው፣ ጋደም ብለው ያንብቡት። ለነገሩ ጋደም ካሉ ሦስት ወር ሆኖዎታል። ዜናው የሚከተለው ነው፦ በቀብርዎ ዕለት አብሮዎት የወረደው የጠርሙስ አፈር፣ ዕድሜ ልክዎን ሲጠብቁት የኖሩት አፈር አይደለም። ሐሰተኛ ነው። አጭበርባሪዋም ይህችው ጸሐፊ ናት።

ኧረ አባባ፣ አልቻልኩም። «እርስዎ» ስልህ ጉሮሮዬ ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ይሰነቀርብኛል። እማማ «አያትሽን አንቱ በዪ እንጂ፣ ስንቱ የተማረ ብድግ የሚልለት ሰው ነው!» ስትለኝ፣ አንተ ከጋዜጣህ ቀና እንኳ ሳትል «ተያት፤ ይቺ ልጅ አንቱ ካለችኝ የሰረቀችኝ ነገር አለ ማለት ነው» ትል ነበር። ልክ ነበርክ። አሁንም የሰረቅኩህ ነገር ስላለ ነው በአንቱታ የጀመርኩት።

አንድ ነገር ልለምንህ። ይህን ደብዳቤ በቀይ እስክሪብቶ አታርመው። ስምንት ዓመቴ ላይ «አባባ እወድሃለው» ብዬ ጽፌ ትራስህ ሥር ባስቀምጥልህ፣ ጠዋት «ለው» የምትለዋ በቀይ ተከባ፣ ከላይዋ «ለሁ» ተብሎ ተጽፎ ተመለሰልኝ። ሌላ ምንም የለበትም። ከዚያ ወዲህ ላንተ ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም፤ ይኸው ማረም በማትችልበት ጊዜ ጀመርኩ።

እማማ መነጽሯን ያገኘች ቀን ታነበው ይሆናልና ከሥሩ ልናገር።

ሰው ቤት ግድግዳ ላይ ፎቶግራፍ ይሰቀላል። ያንተ የሥራ ክፍል ግድግዳ አፈር ነበር። ከወለል እስከ ጣሪያ መደርደሪያ፣ መደርደሪያው ላይ ጠርሙስ፣ ጠርሙሱ ውስጥ አፈር፤ ጥቁር፣ ግራጫ፣ ቢጫ፣ የጉበት ቀለም ያለው። ሁለት መቶ አሥራ አራት ቆጥሬአለሁ። እያንዳንዱ ላይ በዚያ የጉንዳን እግር በሚመስል ጽሕፈትህ ቁጥሩ፣ ጥልቀቱ፣ የተወሰደበት ቀን ተለጥፏል። ያ የቧንቧ ሠራተኛ «ይሄ ሁሉ ቅመም ነው እንዴ?» ሲለኝ «ቀረፋ ነው፣ አሽትተው» ብዬው እስኪወጣ ድረስ ሲያስነጥስ እንደዋለ ታስታውሳለህ። ዩኒቨርሲቲው የሸለመህ የወርቅ ሜዳሊያ ደግሞ የሚወላገደው ጠረጴዛህ እግር ሥር ተሸጉጦ ነበር። «ቢያንስ አንድ ሥራ አገኘ» ትል ነበር።

አፈር ትቀምስ ነበር። መጀመሪያ ስትቀምስ ያየሁህ ጊዜ ያበድክ መስሎኝ እማማን ልጠራ ሮጥኩ። በሁለት ጣትህ ቆንጥረህ፣ አሽተህ፣ ጆሮህ ላይ ጠጋ አድርገህ ሲንሿሿ ሰምተህ፣ በመጨረሻ በምላስህ ጫፍ ትነካና ዓይንህን ትጨፍናለህ። «ከወንዝ ዳር ነው። ከአንድ ክንድ በታች። ዝናብ ሳይጥል የተወሰደ።» ደግሞ ልክ ትሆናለህ! ተማሪዎችህ ፈተና ላይ ያልፈሩህን ያህል ያኔ ይፈሩሃል።

ከሁለት መቶ አሥራ አራቱ አንዱ ብቻ ቁጥር አልነበረውም። መስኮቱ አጠገብ ለብቻው የተቀመጠው፣ ቀይ አፈር ያለበት፣ ላዩ ላይ «ፍ» የሚል አንድ ፊደል ብቻ የተለጠፈበት። ለእማማ ገና እኔ ሳልወለድ «ስሞት ይህን ከእኔ ጋር አድርጊልኝ» ብለሃት ነበር አሉ። ለምን እንደሆነ አልነገርካትም፤ እሷም አልጠየቀችህም። እናንተ ባልና ሚስት አብራችሁ አርባ ዓመት የኖራችሁት ባለመጠየቅ ይመስለኛል።

አንድ ሌላ ነገርም ነበር፤ ቃሉ። በሰው ቤት የሚከለከለው ስድብ ነው። በእኛ ቤት የሚከለከለው ልመና ነበር። «አፈር ስሆን» ማለት አይቻልም። እንግዳ አምልጦት «አፈር ስሆን ይቺን ብቻ ጉረስ» ያለህ እንደሆነ፣ እጅህን ትሰበስብና ወንበርህን ገፍተህ ትነሳለህ። አትቆጣም። ትወጣለህ። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ይህን ደረስኩበት። ገበታ ላይ የሚጣፍጥ ነገር የቀረበ ቀን፣ ልክ አንድ ጊዜ ጎርሰህ ሁለተኛውን ልታነሳ ስትል፣ አንገቴን ደፍቼ በቅን ልጅ ድምፅ «አባባ፣ አፈር ስሆን ብላ» እላለሁ። ትነሳለህ። ሳህንህ የኔ ይሆናል። እማማ ቆንጥጣ ቆንጥጣ ክንዴ በለዘ፤ ግን ሆዴ ጠግቧል። አባባ፣ በዚያ ቃል ስንት ሳህን እንደበላሁብህ ባሰብኩ ቁጥር አሁን አሁን ምግብ ይመረኛል።

አሁን ወደ ወንጀሉ እንምጣ።

ከሁለት ዓመት ተኩል በፊት፣ አሥረኛ ክፍልን ለሁለተኛ ጊዜ ወድቄ ደብተሬን የጣልኩ ሳምንት ነው። የድሮ ተማሪዎችህ ሊጠይቁህ መጡ። ሰባት ናቸው፤ ሰባቱም ዶክተር። ሳሎኑ ውስጥ ዶክተር ያልነበርነው እኔ፣ አብሯቸው የመጣው የቤተ ሙከራ ሰውዬና ወንበሮቹ ብቻ ነበርን። ሻይ ይዤ ስገባ ያቺ ጉትቻዋ የሚንጠለጠል ሴትዮ «አንቺስ የኔ ቆንጆ፣ ስንተኛ ክፍል ደረስሽ?» አለችኝ። መልስ ስፈልግ አንተ ቀደምከኝ።

«እሷ ጠጠር ናት። ሁሉ ሲያልፍ ወንፊት ላይ የቀረች።»

ሰባት ዶክተር በአንዴ ሳቀ። ጠጠር ማለት ከጥንትም የቤት ስሜ ነው፤ ግን የቤት ስም ሳሎን ውስጥ ሲወጣ ሌላ ነው። ትሪውን ከነሻዩ ጠረጴዛው ላይ ጣልኩት፤ በሩን ጓ አድርጌ ወጣሁ። ጓሮ፣ እማማ ልብስ ከምታጥብበት ቧንቧ አጠገብ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አልቅሼ ስጨርስ እግሬ ሥር ያለውን አፈር አየሁት። ያኔ ነው ሰይጣኔ የመጣው። «ቆይ ብቻ! አፈር ቀምሶ አገር የሚያውቀው ሰውዬ የጓሮውን ያውቅ እንደሆነ እናያለን።»

በማግስቱ አንተ ማስተማር ስትሄድ ሥራዬን ጀመርኩ። ከቧንቧው አጠገብ ዘገንኩ፤ አደረቅኩ፤ በራስህ ወንፊት ነፋሁ። ጥቁር ስለሆነ ደግሞ የተሰበረ ጡብ በመዶሻ ፈጭቼ ቀላቀልኩበት፤ እንደ በርበሬ ቀላ። የ«ፍ»ን ጠርሙስ ገልብጬ በዚህ ሞላሁት። እውነተኛውን ልጥለው ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። የወተት ዱቄት ጣሳ ነበር፣ እዚያ ውስጥ ከተትኩት። ሰው እንዳይጠረጥር የቃሪያ ፍሬ ወሸቅኩበትና የወጥ ቤቱ መስኮት ላይ አስቀመጥኩት።

ማታ መጣህ። ኮትህን ሰቀልክ። እንደ ልማድህ የ«ፍ»ን ጠርሙስ አነሳህ፤ አቧራውን ጠረግክ፤ ከፈትከው። እኔ በበሩ ቀዳዳ ትንፋሼን ውጬ አያለሁ። ቆንጥረህ አሸኸው። ወደ ምላስህ ወሰድከው። ዓይንህን ጨፈንክ። ረጅም ጊዜ ጨፈንክ። ከዚያ ክዳኑን ገጥመህ ቦታው መለስከው፤ መብራቱን አጠፋህ፤ «እራት ደረሰ?» ብለህ ወጣህ።

ተሸወደ! እንዲያ ስቄ አላውቅም፤ ትራስ ነክሼ ነው የሳቅኩት። ከገጹ ብዛት የተነሳ ተማሪዎች «ጡብ» ብለው የሚጠሩትን ያን መጽሐፍ የጻፈው ሰው፣ በእውነተኛ ጡብ ተሸወደ! ከዚያ በኋላ ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ያለው ፎቶኮፒ ቤት ስቀጠር፣ መጽሐፍህን በቀን አሥር ጊዜ ኮፒ ሳደርግ ለብቻዬ እስቅ ነበር። የመጀመሪያው ገጽ ላይ «ለፍ» የሚል አንድ ነገር ብቻ አለ። ተማሪዎቹ የማተሚያ ቤት ስህተት ነው ይላሉ። እኔም ወረቀት ለመቆጠብ ያንን ገጽ እዘለው ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ዘለልኩት፣ አባባ።

ቃሪያው በቀለ። ሁለት ቅጠል፣ አራት ቅጠል እያለ አደገ። አንድ ቀን ውኃ ልትጠጣ ወጥ ቤት ገብተህ ጣሳውን አየኸው። ቆምክ። ጣትህን አፈሩ ላይ አሳረፍክ። ከዚያ «እዚህ ብርሃን ያንሰዋል» ብለህ በሁለት እጅህ፣ ሕፃን እንደ ታቀፈ ሰው አቅፈህ ወደ ሥራ ክፍልህ ወሰድከው። ጠዋት ጠዋት ከሻይ ብርጭቆህ ቀድመህ እሱን ታጠጣለህ። ወንበርህን ወደ መስኮቱ አዞርክ። እኔ ለእማማ «ፕሮፌሰሩ ጡረታ ወጥቶ ቃሪያ አሳዳጊ ሆነ» እላታለሁ፤ እሷ «ዝም በይ፣ ሰው ሲያረጅ የሚያየው ነገር ይፈልጋል» ትለኛለች።

ያፈራ ጊዜ «አይቆረጥም» አልክ። አይነካም የተባለ ነገር ለእኔ ግብዣ መሆኑን እያወቅክ! አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ፊትህ ቆሜ፣ ዓይን ዓይንህን እያየሁ ቀጠፍኩና ገመጥኩት። እሳት ነው! እንባዬ ዱብ ዱብ፣ አፍንጫዬ ፈሰሰ፣ ምላሴ የማን እንደሆነ ጠፋኝ። ተንኮል ሳላስብ፣ ሳላውቀው፣ ከአፌ አመለጠኝ።

«አባባ፣ አፈር ስሆን ውኃ! ውኃ!»

ይነሳል፣ ይወጣል ብዬ ጠበቅኩ። ተነሳህ፤ ግን ውኃ ቀድተህ መጣህ። እስክጨርስ ብርጭቆውን ያዝክልኝ።

«ያንገበግባል?»

«ይገድላል!»

«እሱም እንደዚያው ነበር» አልክ።

«ማን?»

«ቁጭ በዪ።»

በጦርነቱ ጊዜ ወታደር እንደነበርክ አውቃለሁ፤ ሁሉም ያውቃል። ማንም የሚያውቀው ግን ያችን ያህል ነው። ያን ቀን ነገርከኝ። ሃያ ዓመትህ ነው፤ ስምንተኛ ክፍል በመድረስህ ብቻ አሥር አለቃ አድርገውሃል። ከሥርህ ካሉት ወታደሮች አንዱ የውኃ ጉድጓድ ቆፋሪ ልጅ ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፤ ፊደል አይለይም። ሲቆፍር ስለማይደክመው «ፍልፈል» ትሉታላችሁ። አንተን «የኛ ስምንተኛ ክፍል» እያለ ያበሽቅህ ነበር። «አለቃ፣ አለቃ» እያለህ ከኋላህ ያንተን አካሄድ እየሄደ ጓዶቹን ያስቃል።

የምሽግ መቆፈሪያውን ቦታ የመረጥከው አንተ ነህ። ቀይ፣ ልስልስ፣ አካፋ ገና ሲነካው የሚለቅ አፈር። ፍልፈል አንድ ጊዜ ዛቅ አደረገና ቀመሰው። በምላሱ!

«አለቃ፣ ይሄን አፈር አልወደድኩትም። በጣም ታዛዥ ነው።»

«ታዛዥ ቢሆን ምን ችግር አለው?»

«አባቴ ታዛዥ አፈር ይከዳል ይላል። ሌሊት ደግሞ ዘንቧል።»

«አባትህ ስንተኛ ክፍል ነው?» አልከው። ጓዶቹ ሳቁ። «ቆፍር። ትእዛዝ ነው።»

እሱም አብሮ ሳቀ። ከመውረዱ በፊት ከጠዋት ጀምሮ እንዳልበላህ አይቶ፣ ኮቾሮውን፣ ያን ጥርስ የሚሰብር የወታደር ብስኩት፣ ጉልበቱ ላይ ለሁለት ሰብሮ ግማሹን እጅህ ላይ አስቀመጠ። «የኛ ስምንተኛ ክፍል፣ አፈር ስሆን ይቺን ብላልኝ።» ከዚያ ወረደ።

ሳትበላው ምሽጉ ተናደ።

ጥይት አይደለም፣ መድፍ አይደለም። አፈር ነው። በአካፋ ብትቆፍሩ እሱን እንዳትመቱት ፈርታችሁ በእጅ፣ በብረት ቆብ ቆፈራችሁ። ስታወጡት አፉ በአፈር ተሞልቶ ነበር። ከዚያው አፈር ዘግነህ ኪስህ ከተትክ። ይህን ስትነግረኝ እጅህ ጭንህ ላይ ይቆፍር ነበር አባባ፤ አንተ አላየኸውም፣ እኔ አይቻለሁ።

«ከጦርነቱ ስመለስ» አልክ፣ «ከልጆች ጋር አንድ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ዘጠነኛ ክፍል ጀመርኩ። ሰው ሁሉ ትምህርት ወዳድ አለኝ። እኔ ማወቅ የፈለግኩት አንድ ነገር ነው፤ ያ አፈር ለምን ተናደ? እሱ በአንድ ቅምሻ ያወቀውን ለማወቅ ሃያ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ከዚያ በኋላ ለሌላው ማስተማር ብቻ ነው። እሱ የቀመሰውን ሳልቀምስ ደግሞ ስለ አፈር አፌን መክፈት ነውር መሰለኝ።»

ከዚያ ወደ ቃሪያው ዞርክ።

አሁን ፍረደኝ። መደርደሪያው ላይ ያለው የ«ፍ» ጠርሙስ ውስጥ የጡብ ዱቄት አለ። ፍልፈል የወተት ጣሳ ውስጥ ነው። የበላሁት ቃሪያ ከእሱ ነው የበቀለው። ተነስቼ እግርህ ላይ ወድቄ መናገር ነበረብኝ። ዕድሜ ልኬን አንድ ቀን ያልታሰረ ምላሴ ያን ቀን ታሰረ። «እ... አሁንም ያቃጥለኛል» ብዬ ወጣሁ። ነገ እነግረዋለሁ አልኩ። ነገ፣ ነገ ስል ሰባት ወር ሄደ፤ አንተም ሆስፒታል ገባህ።

የመጨረሻዋ ሳምንት እማማ አልጋህ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ፣ አርባ ዓመት ያልጠየቀችህን ልትጠይቅህ ደፈረች። «ያ ጠርሙስ... እንዳልከኝ ነው?»

ከእሷ ትከሻ በላይ እኔን አየኸኝ። «እንዳልኩሽ ነው። ጠርሙሱ ከእኔ ጋር። ጣሳው እዚያው መስኮቱ ላይ።»

«የምን ጣሳ?»

«ጠጠር ታውቃለች።»

የከንፈርህ ጫፍ ፈገግ አለ። እኔ ደደቧ፣ ቃሪያውን አጠጪ ማለትህ መሰለኝ።

ቀብርህ ላይ አንዱ ዶክተር የሕይወት ታሪክህን ሦስት ገጽ አነበበ። የመጽሐፉ ስም፣ የሽልማቱ ስም፣ የዲግሪው ስም። ጦርነቱ አንድ መስመር ደረሰው፦ «በወጣትነታቸውም ለተወሰነ ጊዜ በውትድርና አገልግለዋል።» ለተወሰነ ጊዜ! ሕይወትህ ሁሉ ያችው ቀን እንደነበረች ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ እሱን ደግሞ የሰረቅኩህ እኔ ነኝ። እማማ የጠርሙሱን ክዳን ከፈተች። ስታፈሰው የጡብ ዱቄቱ በነፋስ ቦነነ። አፌን ከፈትኩ። «እማማ፣ ተይ!» ለማለት። ዱቄቱ ገባበትና ሳል ሆነ። ሰው ልቅሶ መስሎት ደገፈኝ።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለኝም። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጣሳውን ታቅፌ፣ ማንኪያ ኪሴ ከትቼ መቃብርህ ዘንድ መጣሁ። ቃሪያውን ነቅዬ አፈሩን ልደፋልህ፤ ነገሩን ላስተካክል። ገና ስንበረከክ ጠባቂው ከኋላዬ ደረሰ።

«ምን ልትተክዪ ነው?»

«ቃሪያ።»

«መቃብር ላይ ቃሪያ?»

«አያቴ ይወዳል።»

ጣሳውን አየ፤ እኔን አየ። «እነሱ ጋ የሚደርሰው ሥሩ ነው የኔ ልጅ፤ ፍሬውን የሚበላው ሌላ ነው» አለኝና ሄደ። ማንኪያውን አፈሩ ላይ አድርጌ ቃሪያውን ልነቅለው ሞከርኩ። ሥሩ ሁሉንም ይዞታል፤ አንድ ማንኪያ ልውሰድ ብል ሁሉም አብሮ ይመጣል። አበባም አውጥቶ ነበር። አልቻልኩም። ተመልሼ መስኮትህ ላይ አስቀመጥኩት። እንግዲህ የቀረኝ ለእማማ መናገር ነው አልኩ፤ ተናግሬም መቃብሩን ማስከፈት። ይህን ሳስብ ሁለት ሳምንት ሰውነቴ አለቀ።

ባለፈው ማክሰኞ የቤተ ሙከራው ሰውዬ መጣ። ነጭ ጋዋኑን ሰርግም ቢጠራ ስለማያወልቅ «ጋሼ ጋዋን» የምለው። ዩኒቨርሲቲው ጠርሙሶችህን ሊረከብ ልኮት ነው። ያንተን የናሙና መዝገብ ይዞ ወንበርህ ላይ ተቀምጦ ይጠራል፣ እኔ ጠርሙስ አወርዳለሁ፣ እማማ በጨርቅ ትጠቀልላለች። ቁጥር አንድ፣ አለ። ቁጥር ሁለት፣ አለ። እንዲህ ሲል ሲል መጨረሻው ደረሰ።

«ናሙና ፍ» አለ። መነጽሩን ከፍ ዝቅ አደረገ። «ይሄ ምንድን ነው? ሁለት ጊዜ ነው የተመዘገበው።»

«አንብበው» አለች እማማ።

ሁለተኛውን አነበበው አባባ። በጉንዳን እግርህ የጻፍከውን እንዳለ እነሆ፤ ኮፒ አድርጌዋለሁ፤ ሙያዬ ነው፦

«ናሙና ፍ። ከጠርሙስ ወደ ወተት ጣሳ ተዛውሯል። አዛዋሪ፦ ጠጠር። ቦታ፦ የሥራ ክፍል መስኮት። ሁኔታ፦ ሕያው። በጠርሙሱ ውስጥ በምትኩ የተገኘ፦ የጓሮ አፈር፣ ከቧንቧው አጠገብ፣ የላይኛው ንብብር፤ የልብስ ሳሙና ቅሪት አለበት፤ የተፈጨ ጡብ ታክሎበታል። አነፋፉ ጥሩ ነው። የቀለም አመሳሰሉም መጥፎ አይደለም።»

ቀኑን አየሁት። የወተት ጣሳውን ከወጥ ቤት ያነሳህበት ቀን ነው። የጠርሙሱንማ በቀመስክበት ማታ አውቀኸዋል! ሁለት ዓመት! ሁለት ዓመት እኔ በአንተ ስስቅ፣ አንተ...

«አነፋፉ ጥሩ ነው።» በሕይወቴ ካገኘሁት የትምህርት ውጤት ሁሉ ትልቁ ይሄ ነው።

መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ተናዘዝኩ። ቧንቧውን፣ ጡቡን፣ ጣሳውን፣ ቀብሩን። ጋሼ ጋዋን መዝገቡን ዘግቶ ወደ መስኮቱ ዞረ። እማማ እስክጨርስ ሰማችኝ። በጥፊ ትለኛለች ብዬ ጉንጬን አዘጋጅቼ ነበር።

«ከቧንቧው አጠገብ ነው ያልሽኝ?» አለች።

«አዎ።»

«እኔ ልብስ የማጥብበት ጋ?»

«አዎ እማማ፣ ይቅር በይኝ።»

«አርባ ዓመት የሱን ሸሚዝ ያጠብኩበት አፈር ነዋ!» አለቀሰች፤ ከዚያ ደግሞ ሳቀች፤ ከዚያ ሁለቱን አንድ ላይ አደረገች። «እኔ እኮ አንድም የኔ ነገር ሳይይዝ ሄደ ብዬ ነበር የማለቅሰው። ያንን ልጅ ብቻ ይዞ ሄደ ብዬ...» ስሙን አታውቅም፤ ግን አንድ ልጅ እንዳለ ታውቅ ነበር። ባለመጠየቅ እንዴት ይታወቃል? እስካሁን አልገባኝም።

ጋሼ ጋዋን ሲወጣ በሩ ላይ ቆም አለ። «ያን ቀን እኔም ነበርኩ» አለኝ። «ትሪውን የጣልሽ ቀን። በሩን ዘግተሽ ስትወጪ ሰዎቹ ይስቁ ነበር። ፕሮፌሰር ምን እንዳሉ አልሰማሽም።»

«ምን አለ?»

«ሳቁን እስኪጨርሱ ጠበቁና፣ ‹ጠጠር የሌለበት አፈር ቁልቁለት ላይ አይቆምም› አሉ። ማንም ከዚያ በኋላ አልሳቀም።»

አንተ ሰውዬ! ይህን በሩ ሳይዘጋ ብትናገረው ምን ነበረበት? እኔ ሰባት ወር ነገ ነገ አልኩ፤ አንተ ሁለት ዓመት። ቤታችን ውስጥ አፍ ያለው የቧንቧው ሠራተኛ ብቻ ነበር እንዴ?

ጣሳውን መስኮቱ ላይ የተውከው ፍልፈልን ሁለተኛ አፈር ውስጥ ላለማስገባት ብለህ ይመስለኛል። ከተሳሳትኩ በቀይ አርመኝ። መቃብርህን አላስከፍትም። ጠርሙሱ አንተ ጋ፣ ጣሳው መስኮቱ ላይ፤ እንዳልከው። ዘንድሮ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ከእሱ ጋር እኩያ ነን። ጠዋት ጠዋት ሳጠጣው «የኔ አሥረኛ ክፍል» ብሎ የሚያበሽቀኝ ይመስለኛል። ፎቶኮፒ ቤትም ያችን የመጀመሪያ ገጽ መዝለል ትቻለሁ። ባለቤቱ «ባዶ ገጽ ለምን ታባክኛለሽ?» ሲለኝ «ባዶ አይደለም፣ ሰው አለበት» አልኩት። መጽሐፉ አሳበዳት ብሎ ይሆናል። ይበል። ያ «አፈር ስሆን» የሚለው ቃልም ከአፌ አይወጣም፤ በሳህን ፊትም ቢሆን።

ሰው ሁሉ «አፈሩ ይቅለልህ» ይልሃል። አንተ ግን ቀላል አፈር ነው የሚናደው ትለን ነበር። ስለዚህ እኔ አይቅለልህ፣ አይክበድህም እላለሁ። ብቻ አይናድብህ።

እንግዲህ ያ ከባድ ዜና ይኸው ነው። አሁን መለስ ብዬ ሳነበው አፈርኩ፤ «በተሰበረ ልብና በሚንቀጠቀጥ እጅ» የተባለለት ነገር ተጨምቆ ሲወጣ አንድ ጣሳ አፈርና አንድ እግር ቃሪያ ነው። ያውም አንተ አስቀድመህ የመዘገብከው። ለዚህች ተራ ነገር ይህን ያህል ወረቀት ማባከን አይገባም ነበር።

እወድሃለው።

ወንፊት ላይ የቀረችው
ጠጠር